ከድንበር ማዶ የታየችው ነጥብ

ሸሕዲ ከተማ፣ ከአያ ታከለ ጋራዥ የገባሁ ዕለት አያ ታከለ ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ተኝቶ ነበር። ራሱን ሳያወጣ እግሬን ብቻ አይቶ «ጸሐፊ አንፈልግም፤ ሌላ ቦታ ሞክሪ» አለኝ።

«ጸሐፊ አይደለሁም። ትርንጎ እባላለሁ። የመኪና ኤሌክትሪክ ተምሬ ከጎንደር ነው የመጣሁ» አልሁት።

ከሥር ወጣ። ፊቱ ዘይት በዘይት ሆኖ የሚታየው ዓይኑ ብቻ ነው። ጥቂት አየኝና ሽቦው ኃይል እንዳለው የምታሳየውን የቴስተር አምፖል አቀበለኝ። «ያች ሚኒባስ ፍሬቻዋ አይበራም። አብሪው፤ ከዚያ ጸሐፊ አለመሆንሽን እናምናለን።»

አምፖሉ ደህና ነው፤ ፊውዙም ደህና ነው። ችግሩ ማሳው ነበር። በእኛ ሙያ ማሳ የምንለው መብራቱ የተቀበለውን ኃይል በመኪናዋ ብረት በኩል ወደ ባትሪ የሚመልሰውን ገመድ ነው። ብሎኑ ዝጓል። ፈትቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ፣ መልሼ አጠበቅሁት። ፍሬቻው በራ።

«እዚህ አገር ሁሉም ነገር የሚበላሸው ከማሳው ነው» አለ አያ ታከለ፤ «የገበሬውም፣ የመኪናውም።» ሥራ ገባሁ ማለት እንደሆነ የገባኝ ከሰዓት ሌላ መኪና ሲያሳየኝ ነው።

ያኔ መኪናዎቹ ሁሉ ቀላል ነበሩ። ማብሪያውን ስትጫኑት ኃይሉ ቀጥ ብሎ ወደ መብራቱ ይሄዳል። ኋላ አዳዲሶቹ መጡ። በእነዚህ ማብሪያውን ስትጫኑ ለኮምፒውተሩ አመለከታችሁ ማለት ነው፤ ኮምፒውተሩ ጉዳዩን አይቶ ሪሌውን ያዝዛል፤ ሪሌው መብራቱን ያበራል። እንደ ቀበሌ ነው። ጉዳዩ ያው ነው፤ የሚያልፍበት ጠረጴዛ በዛ እንጅ።

ከአዳዲሶቹ መኪናዎች ሁሉ በሸሕዲ ስሟ የገነነው የጋሽ ጓዴ ፒክአፕ ነበረች። ጋሽ ጓዴ ከሱዳን ድንበር ጥግ ሰፊ የሰሊጥ እርሻ ያላቸው ኢንቬስተር ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ያላቸውን ነገር ሰው ካላየው ግን እንዳላቸው አይቆጥሩትም። ፒክአፗ ትልቅ ስክሪን፣ የኋላ ካሜራ፣ በየወንበሩ የሚለያይ ቅዝቃዜና መንገድ የሚመራ ካርታ ነበራት። ከዓረብ አገር ስለመጣች የምትናገረው በአረብኛ ነው።

ሹፌራቸው አያ ቢምረው ነው። በወጣትነቱ አብደራፊ ትራክተር ሲነዳ የኖረ፣ ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ቁጥብ ሰው። የእርሻውን መንገድ ሁሉ ከነጉድጓዱ ያውቀዋል። ካርታው የሚያውቀው ደግሞ አስፋልቱን ብቻ ነው። ፒክአፗ ከአስፋልት ወርዳ ወደ እርሻው ስትታጠፍ ስክሪኑ ባዶ ነጭ ይሆንና ከካርታው የምትናገረው ሴትዮ በአረብኛ «ተመለስ፣ ተመለስ» ትላለች። አያ ቢምረው ደግሞ «እሽ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ሰሊጡን ልጫን» ይላታል። ከማንም ጋር ብዙ ሲያወራ የሰማሁት ከእሷ ጋር ነው።

አንድ ቀን ጋሽ ጓዴ «ማቀዝቀዣው አይሠራም፤ ጋዙ አልቋል» ብለው መጡ። ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም፤ ካነሰ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ኮፈኑን ከፍቼ በጌጅ ለካሁት። ጋዙ ሙሉ ነው። ኮምፕረሰሩም ይሽከረከራል። ከራዲያተሩ ፊት ያለውን፣ ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚተፋውን ክፍል የሰሊጥ ገለባ ስለዘጋው በአየር ነፍቼ አጸዳሁት። ገብቼ ስሞክረው እጅ ያደነዝዛል።

ልሞክረው ብለው ወጡና ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። «ያው ነው!» አሉ። አየኋቸው። መስኮቱ እስከ ታች ወርዷል፤ ክንዳቸው ከነወርቅ ሰዓቱ ውጭ ነው።

«ጋሽ ጓዴ፣ መስኮቱ ሲዘጋ ነው የሚቀዘቅዝ» አልሁ።

«እሱንማ አውቃለሁ። ብዘጋው ታዲያ ማን ያየኛል?»

አያ ታከለ ፊቱን አዞረ። ለዚህ ብልሽት መፍቻ አልነበረንም።

ቀጥሎ የመጡት በወንበሩ ምክንያት ነው። ከፊተኛው ወንበር ሥር ክብደት የሚለካ ሴንሰር አለ። የሰው ያህል ከባድ ነገር ከተቀመጠና ቀበቶው ካልታሰረ መኪናዋ ትጮኻለች። አያ ቢምረው በእርሻው ካምቦ ለሚያድሩት ሠራተኞች ቀለብ ሲወስድ የማሽላ ዱቄት ጆንያ ከፊት ይጭናል። መኪናዋ ጆንያውን ሰው መስሏት መንገዱን ሁሉ ስትጮኽበት፣ ጆንያውን ቀጥ አድርጎ አስቀምጦ ቀበቶ አሰረለት። ዝም አለች። በሸሕዲ መሐል እንደዚያ ሲያልፍ ሰው ሳቀ። «የጓዴ ማሽላ እንኳ ቀበቶ ያስራል» ተባለ።

ጋሽ ጓዴ አልሳቁም። ጋራዡ በር ላይ ቆመው ሲያስቡ ቆዩና ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «መኪናዋን አታለላት እኮ። ኮምፒውተር ያታለለ ሰው እኔን ያቅተዋል?»

«ጆሮውን ለማሳረፍ ነው እንጅ...»

«እሱ እንዲህ ይጀምራል።»

ሳምንቱ ሳያልቅ በወረቀት የተጠቀለለች፣ ከክብሪት ቀፎ እምብዛም የማትበልጥ መሣሪያ ይዘው መጡ። ከጎንደር ስልክ መሸጫ ያገኟት መከታተያ ናት። ከሰማይ ሳተላይት ሰምታ ያለችበትን ቦታ ታሰላለች፤ በውስጧ ባለው ሲም ካርድ ለባለቤቱ ስልክ ትልካለች። በስልኩ ካርታ ላይ መኪናዋ ቀይ ነጥብ ሆና ትታያለች።

«ቢምረው እንዳያገኛት» አሉ።

«ከመስታወቱ ሥር ላድርጋት?»

«አይሆንም! ወደ ውስጥ።»

«ከሬዲዮው ጀርባ?»

«ወደ ውስጥ ነው የምልሽ! አንች ራስሽ ብትፈልጊያት የማታገኛት ቦታ።»

ዳሽቦርዱን ፈትቼ፣ ከማቀዝቀዣው ሳጥን ጀርባ፣ ዳሽቦርዱን ከተሸከመው ወፍራም ብረት ሥር ቀበርኋት። በናስትሮ፣ በሽቦ መጠቅለያው ፕላስተር፣ ጠቅልዬ መኪናዋ ብትጠፋም ከማይቋረጠው ኃይል አገናኘኋት። የተጻፈላት መመሪያ በቻይንኛ ነው፤ እኔም አያ ታከለም ሥዕሉን አይተን ተስማማን። ጋሽ ጓዴ ስልካቸውን ከፈቱ። ቀይዋ ነጥብ ሸሕዲ መሐል ቁጭ ብላለች። «እልል በይ!» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ጓዴን ያለ ስልክ ያየ የለም። ገበያ ላይ፣ ባንክ ቤት፣ ዕድር ስብሰባ ላይ ነጥቧን ያያሉ። ለቅሶ ቤት ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው አንገታቸውን ደፍተው ሲቀመጡ ሰው «እንዴት አዝነዋል» አለ። እኔ ከጎን ስለነበርሁ ጋቢው ውስጥ ያለውን ብርሃን አይቻለሁ። ያን ያህል ተከታትለው ያገኙት ቢምረው እርሻ እንደሚሄድና ከእርሻ እንደሚመለስ ነው። ቅር ሳይላቸው አልቀረም።

የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ግን ፒክአፗ ከእርሻው ጫፍ፣ ድንበሩ አፍ ካለው ካምቦ ብዙ መዋል ጀመረች። ጋሽ ጓዴ እያለከለኩ ጋራዥ መጡ። ስልኩን ከፊታችን ደቀኑት። ነጥቧ ከድንበር ማዶ ናት፤ ሱዳን።

«ዛሬ ብቻ አይደለም። ትናንትም ነበረች። ከትናንት ወዲያም! ነዳጄን እያሻገረ ነው።»

አያ ቢምረው አመሻሹ ላይ ፒክአፗን ለማሳጠብ ሲገባ ጋሽ ጓዴ በር ላይ ጠበቁት። ጋራዡ በሰው ተሞልቷል።

«የት ዋልህ?»

«ካምቦ።»

«ካምቦ? ሱዳን ነው የዋልህ!»

አያ ቢምረው የተሰበሰበውን ሰው፣ ከዚያም ጋሽ ጓዴን አየ። «ሱዳን ሄጄ ቢሆን ሱዳን ሄድሁ እልዎት ነበር። ምን ደብቄዎት አውቃለሁ?»

ጋሽ ጓዴ ወደ እኔ ዞሩ። «ትርንጎ፣ አንች የገጠምሽው አይደለም? መሣሪያው ይዋሻል?»

ሁሉም አየኝ። አያ ቢምረውም አየኝ፤ መሣሪያ እንዳለ ያወቀው በዚያች ቅጽበት ነው። «እዚህ ስንሞክረው ልክ ነበር» አልሁ። ሌላ የማውቀው አልነበረኝም። እውነት ተናግሬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

አያ ቢምረው ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ኮፈኑ ላይ አስቀመጠው። በእጃቸው አልሰጣቸውም። ነጠላ ጫማውን እያንሸራተተ ወጣ።

ነጥቧ የተናገረችው ቦታ ብቻ ነው። የቀረውን ሸሕዲ ሞላችው። መጀመሪያ አንድ በርሜል ነዳጅ አሻገረ ተባለ፤ ወሬው መናኸሪያ ሲደርስ ቦቴ ሆነ። በኋላም ከድንበር ማዶ፣ ገላባት ሚስት አግብቷል፣ ልጅም ወልዷል ተባለ። አያ ቢምረው በየማለዳው መናኸሪያ ቆሞ ሥራ ይጠይቃል። ሁሉም በአክብሮት ሰላም ይለዋል፤ ቁልፍ ግን ማንም አይሰጠውም።

አንድ ረፋድ ሚስቱ ጋራዥ መጣች። ከወፍጮ ቤት ስትመለስ ነው፤ ፀጉሯ ላይ ዱቄት አለ። ሰው ራቅ እስኪል ጠብቃ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«እቴ ትርንጎ፣ ያ መሣሪያ ሴትም ያሳያል?»

«የለም። ቦታ ብቻ ነው የሚያሳይ።»

«ቦታውስ እርግጥ ነው?»

ሥራዬን የጠየቀችኝ በሙያው የሌለች ሴት ናት፤ እኔ ደግሞ ልክ መሆኑን ያየሁት ጋራዡ በር ላይ ብቻ ነው። እሷ ከሄደች በኋላ ለአያ ታከለ ነገርሁት። እጁን በጨርቅ ጠረገና «ጓዴ ፖሊስ ጣቢያ ሊሄዱ ነው አሉ። ነዳጅ ማሻገር ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ ሰውየው ይታሰራል። ተነሽ፣ አባ ፈንታ ዘንድ እንሂድ» አለኝ።

አባ ፈንታ ከደጋ መጥተው ይህን ቆላ ቀድመው ካቀኑት ገበሬዎች አንዱ ናቸው፤ በአገሩ እርሳቸው ያልሸመገሉት ጠብ የለም። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙን። ጋሽ ጓዴን አስጠርተው «ከፖሊሱ በፊት እኛ እንየው» አሏቸው። ጋሽ ጓዴ ሽምግልናው ከተማ፣ ከቤታቸው እንዲሆን ፈለጉ፤ ፍሪዳም አሰቡ።

«የለም» አሉ አባ ፈንታ። «ድንበር የሚነካ ክስ ድንበሩ ላይ ነው የሚታይ። ካምቦህ እንሄዳለን። መኪናዋንም አምጣት፤ ተከሳሽ ናት።»

በማግስቱ ፒክአፗን ራሳቸው ጋሽ ጓዴ እየነዱ፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ ወንበር፣ እኔና አያ ታከለ ከላይ ከጭነቱ ቦታ ሆነን ሄድን። አያ ቢምረው በሰው ትራክተር ቀድሞን ደርሶ ነበር። ካምቦው በቆርቆሮና በሣር የተሠራ የሠራተኞች መኖሪያ ነው። ሽማግሌዎቹ ከግራሩ ሥር ተቀመጡ። ፒክአፗ ከፊታቸው ቆመች፤ ከጎጃምና ከወሎ የመጡ አጫጆች ጥላዋ ሥር ቁጭ አሉ።

«በል፣ ምስክርህን አቅርብ» አሉ አባ ፈንታ።

ጋሽ ጓዴ ስልካቸውን አወጡ። ኔትዎርክ የለም። ወደ ቀኝ ሄዱ፣ ወደ ግራ ሄዱ፣ ስልኩን ወደ ላይ አነሱት።

የካምቦው ወጥ ሠሪ ዘርፌ ከማድቤቱ ብቅ አለች። «ኧረ ጌታው፣ ከኩይሳው ላይ ይውጡ! እኛም አገር ቤት የምንደውለው እዚያ ላይ ሆነን ነው።»

ጋሽ ጓዴ በተወለወለ ጫማቸው የምስጥ ኩይሳው ላይ ወጡ። አጫጆቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው ያዩዋቸዋል። ስልኩ ሠራ። ጋሽ ጓዴ አዩት። ቀና ብለው ፒክአፗን አዩ። እንደገና ስልኩን አዩ።

«የት ናት ይላል?» አሉ አባ ፈንታ።

ጋሽ ጓዴ ስክሪኑን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

«ጓዴ! ምነው ጸጥ አልህ?»

«ሱዳን» አሉ፣ በቀጭን ድምፅ።

«ማን ናት ሱዳን ያለች?»

«መኪናዋ።»

አባ ፈንታ በትራቸውን ዘርግተው የፒክአፗን ጎማ ነካ ነካ አደረጉት። ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እንግዲህ እኛም ሱዳን ነን ማለት ነው። እኔ ፓስፖርት የለኝም። ጎበዝ፣ ሳልታሰር ወደ አገሬ መልሱኝ።»

ካምቦው በሳቅ ተናጋ። አንዱ አጫጅ በጀርባው ተንከባለለ። ጋሽ ጓዴ ስልኩን እየወዘወዙ «ቆዩ፣ ይስተካከላል! ቆዩ!» ይላሉ። ያልሳቀው አያ ቢምረው ብቻ ነው። ከግንዱ ተደግፎ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

ዘርፌ እጇን በሽርጧ እያደረቀች «ምን ይገርማል?» አለች። «የእኔም ስልክ ከማድቤቱ ወጥቶ ሳያውቅ ሱዳን ይሄዳል። በአረብኛ እንኳን ደህና መጣሽ ይለኛል።»

ይሄኔ ነገሩ በራልኝ። ከኩይሳው ሥር ሄጄ ስልኩን ከጋሽ ጓዴ ተቀበልሁ። ነጥቧን ቀረብ አድርጌ ሳይ በዙሪያዋ ሰፊ የደበዘዘ ክብ አለ። ክቡ ካምቦውንም፣ ድንበሩንም፣ የሱዳኑንም መንደር ይዟል።

«ጋሽ ጓዴ፣ ይህ ክብ ሁልጊዜ ነበረ?»

«ነበረ። ጌጥ መስሎኝ ነው።»

ካቻቢቴዬን ይዤ ወደ ፒክአፗ ገባሁ። ዳሽቦርዱን ፈትቼ መሣሪያዋን ከብረቱ ሥር አወጣሁና ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ሰማይ ከሚታያት ቦታ አስቀመጥኋት። ጠበቅን። ጥቂት ቆይቶ ጋሽ ጓዴ ከኩይሳው ላይ «መጣች! ተሻገረች!» ብለው ጮኹ። ነጥቧ ካምቦው ላይ አረፈች፤ ክቡም ጠብቦ ጠፋ።

ለሽማግሌዎቹ እንዲህ ብዬ አስረዳሁ። መሣሪያዋ ቦታዋን በእርግጥ የምታውቀው ሳተላይቶቹን ስትሰማ ነው። ከወፍራም ብረት ሥር ስትቀበር አትሰማቸውም። ያኔ ከአቅራቢያ ያገኘችውን የስልክ ታወር ይዛ «እዚያ አጠገብ ነኝ» ብላ ትገምታለች። ሸሕዲ ላይ ታወሩ ከተማው መሐል ስለሆነ ግምቷ ልክ መሰለን። እዚህ ግን ድምፁ የሚጎላው የማዶው ታወር ነው። ክቡ «ከዚህ ውስጥ የሆነ ቦታ ነኝ፤ የት እንደሆንሁ ግን አላውቅም» ማለቷ ነው።

«አላውቅም እያለችህ ነው ሰው የከሰስህ?» አሉ አባ ፈንታ።

ጋሽ ጓዴ ከኩይሳው ወረዱ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት አፈር ነው። ማንም ሳያዛቸው ድንጋይ አንስተው በትከሻቸው ተሸከሙና ከአያ ቢምረው ፊት አጎነበሱ። ያን ጊዜ ሳቁ ሁሉ ቆመ። አያ ቢምረው ድንጋዩን ራሱ አወረደላቸው።

«ይቅር ብያለሁ» አለ። «ወደ ሥራዬም እመለሳለሁ። ግን አንድ ነገር አለኝ።»

«ተናገር» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«መሣሪያው አይነቀል፤ ይቀመጥ። ሌላ አንድ ደግሞ ይምጣና ጋሽ ጓዴ ጎንደር ሲመላለሱ በሚነዷት የቤት መኪና ላይ ይገጠም። ስልኩን ባለቤታቸው ይያዙት።»

አባ ፈንታ ግራና ቀኝ ያሉትን ሽማግሌዎች አዩ። «ፍርዱ ቀና ነው» አሉ።

ጋሽ ጓዴ ላባቸውን ጠረጉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኧረ ምን በወጣን! ይነቀል ይሄ ነገር» አሉ። «ሰውን ከሰው የሚያኖረው መተማመን ነው እንጅ...» ስለ መተማመን ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። ጥሩ ንግግር ነበር። መሣሪያዋን እዚያው ነቀልኋት።

አያ ቢምረው ቁልፉን ተቀብሎ ወደ ከተማ የመለሰን እርሱ ነው። ሴትዮዋ በአረብኛ ስትናገር የዚያን ቀን አልመለሰላትም። ከዚያ በኋላም ሠራ፤ ለጋሽ ጓዴ የሚለው ግን ከ«እሽ» እና ከ«የለም» አያልፍም ነበር። አጨዳው ሲያልቅ ሽንፋ ሄዶ ለሌላ ባለእርሻ መንዳት ጀመረ። ጋሽ ጓዴ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላኩበት፤ አልተመለሰም። የሸሕዲ ሰውም ነጥቧ ስህተት እንደነበረች ሰምቷል። ቢሆንም ሚስቱን እስከ ዛሬ ወፍጮ ቤት «የገላባቷ እንዴት ናት?» የሚላት አይጠፋም።

አሁን ዓይኔ ስለደከመ ቀጫጭን ሽቦ ለወጣቶቹ ትቼ፣ ሲጠይቁኝ ብቻ አያለሁ። መከታተያ የሚገጥሙ ሲያማክሩኝ የምላቸው ይህን ነው። የመሣሪያው አንቴና ሰማይ ይታየው፤ ባለቤቱ ደብቁልኝ ቢል እንኳ ከብረት ሥር አትቅበሩት። ለባለቤቱ ነጥቡን ብቻ ሳይሆን ክቡንም አሳዩት። ሙከራውን ደግሞ መኪናው በሚውልበት ቦታ አድርጉት፤ ጋራዥ በር ላይ ልክ የሆነ መሣሪያ የሚያረጋግጥላችሁ ስለ ጋራዡ በር ብቻ ነው።